ገንዘቡ የትኛው ሳጥን ውስጥ ይግባ?

አክስቴ አራት ኪሎ አካባቢ አነስ ያለች ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ሲቪ ታስተካክላለች፣ የኪራይ ውል ታዘጋጃለች፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ አትማ ትጠርዛለች። ይህን ሁሉ ሲሸከም የኖረው አንድ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው። ዴል ይህን ሞዴል ያወጣው በ2012 ነው። በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፤ ከዚህ በኋላም የማሽን ዕድሜ ስጠራ በፈረንጆቹ ነው። ውስጡ ኮር አይ5 3470 ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋ ራምና 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ነበረው።

ጠዋት አብርታው፣ ደጁን ጠርጋ፣ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ ወረቀት ሞልታ ስትመለስ ክቧ ገና እየዞረች ነው። ወርድ እስኪከፈት ሌላ ጥበቃ አለ። ደንበኛው ፍላሹን በእጁ እያገላበጠ «እናቴ፣ ትንሽ ቸኩያለሁ» ይላል።

አንድ የሰፈር ጠጋኝ መጥቶ አየውና ዝርዝር ጽፎላት ሄደ። ኤስኤስዲ (በሃርድ ዲስክ ምትክ የሚገባ ፈጣን ማስቀመጫ)፣ 16 ጊጋ ራም፣ አይ7 ፕሮሰሰር፣ አዲስ ፓወር ሰፕላይ። እሷም ወረቀቱን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ። ሥራዬ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮችን መጠገን ስለሆነ በቤተሰቡ ውስጥ ይህ ዕዳ የኔ ነው። ከፎቶው ሥር «ይሄን ሁሉ ከምገዛ ሌላ ያገለገለ ብገዛስ?» ብላ ጽፋለች።

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ብዙዎቹ የሚጠብቁት የዋጋ ንጽጽር ነው። ይህ ይህን ያህል፣ ያ ያን ያህል፣ ስለዚህ ርካሹን ግዛ። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ሌላ ነገር ነው። ዛሬ የምትገዙት ዕቃ፣ ነገ ሌላ ኮምፒውተር ስትገዙ አብሯችሁ ይሄዳል ወይ? የሚሄድ ከሆነ ግዙት። አሮጌው ሳጥን ውስጥ አብሮ የሚቀበር ከሆነ እጃችሁን ሰብስቡ። የጠጋኙ ዝርዝር በዚህ ወንፊት ሲነፋ አንድ ዕቃ ብቻ ሙሉ በሙሉ ያልፋል። ሌላው ወይ በግማሽ ያልፋል፣ ወይ ይወድቃል።

የሚያልፈው ኤስኤስዲ ነው።

የአክስቴ ኮምፒውተር ቀርፋፋ የሆነው ፕሮሰሰሩ ደክሞ አልነበረም። ለወርድ፣ ለቴሌግራምና ለአንድ ሁለት የብሮውዘር ገጽ ያ ፕሮሰሰር ዛሬም ይበቃል። የሚያንቀው ሃርድ ዲስኩ ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ፣ በላዩ የሚመላለስ አንባቢ ክንድ አለ። ዊንዶውስ ሲነሳ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ከየቦታው ይጠራል፤ ክንዱም ለእያንዳንዱ ይሮጣል። አንድ ብቻውን የቀረ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ መስኮቱ ላይ ወረፋ ተሠርቶበት፣ ለእያንዳንዱ ባለጉዳይ ከመደርደሪያ መደርደሪያ ሲሮጥ አስቡት። አንድ ትልቅ ፊልም በተከታታይ ሲያነብ ያው ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ያህል ይሰጣል። የተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎች ላይ ሲደርስ ግን ወደ 1 ሜጋባይት ግድም ሊወርድ ይችላል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው ያለው።

ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። በተለመደው የሳታ ገመድ የሚሰካው ዓይነት በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ያነባል። ዋናው ጥቅሙ ግን ይህ ቁጥር አይደለም። የተበታተነውን ፋይል ለማንሳት የሚሮጥ ክንድ የለም፤ ለውጡን ዓይናችሁ የሚያየው በዚህ ነው። ስትሰኩት አንድ ነገር አስተውሉ። ኦፕቲፕሌክስ 7010ን የመሰሉ የዚያ ዘመን ማዘርቦርዶች (ዕቃው ሁሉ የሚሰካባቸው ዋና ሰሌዳዎች) ላይ ያሉት የሳታ መሰኪያዎች እኩል አይደሉም። አንዳንዶቹ በ6 ጊጋቢት፣ ሌሎቹ በ3 ጊጋቢት ነው የሚሠሩት። ሲዲ ማጫወቻው የነበረበት ላይ ሰክቶ መሄድ ይቀናል። ፈጣኑን ፈልጋችሁ ስኩት።

እና ይህ ዕቃ ነገ ይነቀላል። የሚቀጥለው ኮምፒውተር ላይም የሳታ መሰኪያ አለ። ቢያንስ ሁለተኛ ማስቀመጫ ሆኖ ያገለግላል። ለዚህ ነው ለአክስቴ ሳላመነታ «እሱን ግዢ» ያልኳት።

ራም ግማሽ በግማሽ ነው። 4 ጊጋ ለዛሬ ብሮውዘር አይበቃም፣ 8 ሲሆን ይተነፍሳል። ግን ይህ ማሽን የሚወስደው ዲዲአር3 የሚባለውን የድሮ ራም ዓይነት ነው። ከ2018 ወዲህ የወጡት የቢሮ ማሽኖች ደግሞ ዲዲአር4 ወይም ከዚያ በላይ ነው የሚወስዱት። የዲዲአር3 እግሮች 240፣ የዲዲአር4 ደግሞ 288 ናቸው። መሃሉ ላይ ያለችው ስንጥቅም ቦታዋ ስለሚለያይ በግድ እንኳ አይገባም። ስለዚህ አንድ ያገለገለ ባለ 4 ጊጋ ገዝታችሁ 8 አድርጉት፣ እዚያ ላይ ቁሙ። 16 ጊጋ ዲዲአር3 የሚገዛ ሰው ብሩን ለሽማግሌው መቅበሪያ እያዋጣ ነው።

በነገራችን ላይ «ራም ጨመርኩ፣ ምንም አልተለወጠም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የተጫነውን ዊንዶውስ እዩት። ብዙ አሮጌ ማሽን ላይ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ነው ያለው። እሱ ከ4 ጊጋ በላይ መጠቀም አይችልም። ፎርማት ተደርጎ ባለ 64 ቢት ካልተጫነ የተጨመረው ራም ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ፕሮሰሰሩ ግን ወድቋል። ጠጋኙ የጻፈው አይ7 3770 እዚያው መሰኪያ ላይ ይገባል፣ ዋሽቶ አይደለም። ግን እሱም የ2012 ልጅ ነው፤ እሱም አራት ኮር (ለየብቻ የሚሠሩ የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) ነው። ትርፉ እያንዳንዱ ኮር ሁለት ሥራ ደርቦ መያዙ ነው። ይህ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ትንሽ ይጠቅማል፤ የኪራይ ውል ለሚጽፍ ሰው ምንም። ከዚያ በላይ ደግሞ መንገድ የለም። ኢንቴል ፕሮሰሰሮቹን በትውልድ ይቆጥራል፤ እነዚህ ሦስተኛው ናቸው። አራተኛው ትውልድ ሌላ መሰኪያ ይዞ ስለመጣ ይህ ማዘርቦርድ ከሦስተኛው አያልፍም።

ፓወር ሰፕላዩስ? ካልተበላሸ አይነካም። እዚህ ላይ የብራንድ ዴስክቶፕ ገመና ይወጣል። የ7010 ትልቁ ሳጥን የተለመደውን ባለ 24 እግር መሰኪያ ይጠቀማል፣ ተመስገን። ከሱ ቀጥሎ የመጣው ኦፕቲፕሌክስ 9020 ግን የራሱ የዴል ባለ 8 እግር መሰኪያ ነው ያለው። ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ1 ደግሞ ባለ 6 እግር። ከመርካቶ የተገዛ ተራ ፓወር ሰፕላይ ቀጥታ አይገጥማቸውም፤ አስማሚ ገመድ ይፈልጋሉ። «ሳጥኑን ትቼ ማዘርቦርዱን ብቀይርስ?» ለሚለውም መልሱ ያው ነው። የፊት ቁልፎቹ ገመድ፣ የማቀዝቀዣው አሰካክ፣ አንዳንዴም የብሎን ቀዳዳዎቹ ሁሉ የአምራቹ ብቻ ናቸው። በየዕቃው ተገጣጥሞ በተሠራ ኮምፒውተር ላይ የሚያስኬደው መንገድ በብራንድ የቢሮ ማሽን ላይ አያስኬድም።

ይህን ሁሉ ስነግራት አክስቴ «ታዲያ ዲስኩን ብቻ ቀይሬ ዝም ልበላ?» አለች። ለጊዜው አዎ። ለጊዜው ያልኩት ግን ከሃርድዌሩ ጋር የማይገናኝ ግድግዳ ከፊት ስለነበረ ነው።

ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። በፈረንጆቹ ጥቅምት 14 ቀን 2025 ማለት ነው። ለግለሰብ ተጠቃሚ አንድ ተጨማሪ ዓመት የጥበቃ ማሻሻያ ማግኛ መንገድ ተከፍቷል፤ ከዚያ በኋላ አለቀ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ደጃፉ ላይ ዘበኛ አቁሟል። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የጥበቃ ቺፕ ይጠይቃል። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች ደግሞ በጥቂቱ ካልሆነ በቀር የሚቀበለው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ነው። ሦስተኛው ትውልድ የት ይገባል?

አስገድዶ መጫን ይቻላል። ብዙ ልጆች በፍላሽ አዘጋጅተው ይጭኑታል፣ ይሠራልም። ቤት ውስጥ ዩቲዩብ ለሚያይ ሰው ችግር የለውም እላለሁ። ለፎቶ ኮፒ ቤት ግን አልወደውም። ማይክሮሶፍት እንዲህ ለተጫነ ማሽን ማሻሻያ ለመላክ ቃል አይገባም። የአክስቴ ማሽን ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሰው ፍላሽ ሲሰካበት የሚውል ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሁሉ ያንን ፎልደሩን ሾርትከት የሚያደርግ ቫይረስ ያውቀዋል። አንድ ተማሪ ይዞት ይመጣል፣ ማታ ሱቁ ሲዘጋ ሃያ ሰው ቤት ይገባል። ከተማው ውስጥ የጥበቃ ማሻሻያ የሚያስፈልገው ኮምፒውተር ካለ የፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ነው።

ሊኑክስስ? አሮጌ ማሽን ላይ በዊንዶውስ ምትክ የሚጫነው ሊኑክስ ሚንት ደስ ይላል፤ ቀላል ነው፣ ነጻ ነው። ግን አክስቴ በፓወር ግዕዝ ነው የምትጽፈው። ጣቷ የለመደው እሱን ነው። ደንበኛው የሚያመጣው የወርድ ፋይል በወርድ ምትክ በሚሠራው ሊብሬ ኦፊስ ላይ ሲከፈት ሠንጠረዡ ከተበታተነ ደግሞ ጥፋቱ የሶፍትዌሩ ነው ብሎ የሚቀበል ባለጉዳይ የለም።

ስለዚህ ዕቅዱ ሁለት ደረጃ ሆነ። መጀመሪያ ኤስኤስዲና አንድ ፍሬ ራም፣ ቀጥሎ ረጋ ብሎ ያገለገለ ማሽን ፍለጋ። ኤስኤስዲው እንደገባ ኮምፒውተሩ ሌላ ሆነ። አክስቴ «በፊት ምን እያደረገ ነበር ታዲያ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ገበያው እንሂድ፤ ብሩ የሚያልቀው እዚያ ነው።

አውሮፓና አሜሪካ ያሉ ድርጅቶች ኮምፒውተር የሚይዙት ለተወሰኑ ዓመታት ነው። ብዙዎቹ እንዲያውም አይገዙም፣ ይከራያሉ። ጊዜው ሲያልቅ በመቶና በሺህ በጅምላ ይወጣል። ከዚህ ውስጥ ብዙው ዱባይና ሻርጃ ያሉ ነጋዴዎች ጋ ይደርሳል። ከዚያ በኮንቴይነር፣ በካርጎ፣ አንዳንዴም በሻንጣ አዲስ አበባ ይገባል። መርካቶ፣ መገናኛና ቦሌ «ስላይትሊ ዩዝድ» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ይኸው ነው። ጎኑ ላይ የድሮ ባለቤቱ የንብረት ቁጥር ተለጥፎ ይገኛል። ኪቦርዱ ላይ ዓረብኛ ፊደል ሲኖር መንገዱን ራሱ ይናገራል።

ደንበኛው የታደሰ ብሎ የሚጠብቀውና ሱቁ የሚያደርገው ይለያያሉ። በሥርዓት የታደሰ ማሽን ተፈትሿል፣ የደከመው ዕቃ ተቀይሯል፣ የቀድሞ ባለቤቱ መረጃ ተጠርጓል፣ ሕጋዊ ዊንዶውስ ተጭኖበታል፣ ዋስትናም አለው። እኛ ጋ የሚያጋጥመው ብዙ ጊዜ በብሎወር ተነፍቶ፣ በጨርቅ ታሽቶ፣ ፎርማት ተደርጎ የተደረደረ ነው። ይህን ስል ነጋዴውን ለመክሰስ አይደለም። በሐቅ የሚሠሩ፣ ተበላሸ ስትሏቸው ሳያጉረመርሙ የሚቀይሩ አውቃለሁ። እናንተ ግን ያገለገለ እንደምትገዙ አስባችሁ ግቡ።

ሌላም የማይነገር ነገር አለ። ትልልቅ ድርጅቶች ኮምፒውተሩን ሲያስወግዱ ብዙ ጊዜ ዲስኩን አውጥተው ያጠፉታል፤ ምስጢራቸው እዚያ ነውና። ስለዚህ ማሽኑ ኦሪጅናል ዴል ቢሆንም ውስጡ ያለው ኤስኤስዲ መንገድ ላይ የተጨመረ፣ ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት ሊሆን ይችላል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የምትባል ትንሽ ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራና ጤንነቱ በመቶኛ ስንት እንደሆነ ታሳያለች። አንዳንድ ሻጭ ፊቱን ያጠቁራል። ይጠቁር።

ሱቅ ስትገቡ የምትሰሙት የመጀመሪያ ቃል «ኮር አይ7 ነው!» የሚል ነው። አይ7 ብቻውን ምንም አይናገርም። ዓይናችሁ ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ላይ ይረፍ። 3770 ሦስተኛ ትውልድ ነው፣ 8500 ስምንተኛ፣ 10400 አሥረኛ። በ2018 የወጣው አይ5 8500 ስድስት ኮር አለው፤ ያንን በጉራ የሚጠራውን አይ7 3770 በምቾት ይበልጠዋል። ኮር አይ3 8100 እንኳ አራት ሙሉ ኮር ይዞ ዊንዶውስ 11 በሕጋዊ መንገድ ይቀበላል። ስሙ አይ3 ስለሆነ ብቻ ሰው ይንቀዋል፤ እናንተ አትናቁት፣ ዋጋው ደግ ነው።

ስድስተኛና ሰባተኛው ትውልድ ላይ ተጠንቀቁ። ብዙ ሰው የሚበላው እዚህ ነው። እንደ ኦፕቲፕሌክስ 7050 ያሉት የ2017 ማሽኖች ሲታዩ አዲስ ይመስላሉ፤ ዲዲአር4 አላቸው፣ የቲፒኤም ቺፕም አላቸው። ሻጩ «ዊንዶውስ 11 ይቀበላል፣ እየው ተጭኗል» ይላል። ተጭኗል፣ ግን በጓሮ በር። ፕሮሰሰሩ የማይክሮሶፍት ዝርዝር ውስጥ የለም። በኋላ የስምንተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ገዝቼ እቀይርበታለሁ ብላችሁም አትጽናኑ። የመሰኪያው ቅርጽ አንድ ይመስላል እንጂ የሰባተኛው ማዘርቦርድ ስምንተኛውን አያስነሳም።

ዴል ራሱም ግራ ያጋባል። በ2023 አዲስ ማሽን አውጥቶ ስሙን ኦፕቲፕሌክስ 7010 አለው። አዎ፣ የአክስቴን ሽማግሌ ስም። ስለዚህ ቴሌግራም ላይ «ኦፕቲፕሌክስ 7010» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ አሥራ አንድ ዓመት የሚራራቁ ሁለት ማሽኖች አንዱ ሊሆን ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ከኋላ ወይም ከጎን የተለጠፈው ባለ ሰባት ፊደልና ቁጥር መለያ ነው። የዴል ድጋፍ ገጽ ላይ ስታስገቡት ማሽኑ መቼ እንደተላከና ከፋብሪካ ምን ይዞ እንደወጣ ይነግራችኋል። ስልካችሁ ላይ ኢንተርኔት ካለ ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ሌላው ፍተሻ ቀላል ነው። ራሳችሁ አብሩት። ዴል ላይ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10፣ ሌኖቮ ላይ ኤፍ1 እየነካካችሁ ባዮስ (ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ግቡ። ፓስወርድ ከጠየቃችሁ የድሮው ድርጅት ቆልፎታል ማለት ነው። «እሱ አያስፈልግም» ቢሏችሁ እንኳ ሌላ አምጡልኝ በሉ። ክዳኑን አስከፍቱ፤ የተነፋ ካፓሲተር፣ የጎደለ ብሎን፣ የተጠገነ ማዘርቦርድ ይታያል። ሁሉንም የዩኤስቢ ቀዳዳ በፍላሽ ሞክሩ። ከዚያ አንድ ረዘም ያለ ቪዲዮ ከፍታችሁ ከሻጩ ጋር ስለ ኳስ አውሩ፣ ማቀዝቀዣው መጮኽ ከጀመረ ትሰሙታላችሁ። ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ማሽን ከሆነ ደግሞ ከኋላ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ቀይ ማብሪያ እንዳለው እዩ። 115 ላይ ሆኖ የኛ 220 ላይ ከተሰካ ድምፁን ጎረቤት ይሰማዋል።

ዋጋ እዚህ አልጽፍም። ዛሬ የጻፍኩት በሳምንቱ ይሻግታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ወደ 74 ብር ሄደ፤ ብዙም ሳይቆይ 100ን አለፈ። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተር የሚሸጥ ሰው ጠዋትና ከሰዓት ሁለት ዋጋ ቢነግራችሁ አትፍረዱበት። ኤስኤስዲውም ማሽኑም ከውጭ ስለሚመጡ ሁለቱም አብረው ወጡ። በፈረንጆቹ 2025 መጨረሻ ላይ ደግሞ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡት የመረጃ ማዕከላት ራሙን ስለሻሙት በዓለም ገበያ የራም ዋጋ ተሰቀለ። ከዚህ የወጣልኝ ምክር አንድ ነው። ያገለገለ ስትገዙ ራሙ በቂ ሆኖ ውስጡ ያለውን ምረጡ። «8 ጊጋውን ልውሰድና በኋላ እጨምራለሁ» የሚለው ድሮ ብልህነት ነበር፣ አሁን ግን የሚጨመረው ብቻውን ያስደነግጣል።

ማሽኑ ቤት ሲገባ የሚከተሉ ወጪዎች አሉ። አክስቴ ያላት ሞኒተር አሮጌ ነው፣ ያችን ሰማያዊ ቪጂኤ ገመድ ብቻ ነው የሚቀበለው። ኦፕቲፕሌክስ 7060ን የመሳሰሉት ማሽኖች ደግሞ ዲስፕሌይ ፖርት ነው ያላቸው፤ ቪጂኤው ድሮ ሲታዘዝ በምርጫ የሚጨመር ነበር። ስለዚህ መቀየሪያ ይገዛል፣ ወይም ቪጂኤ ያለበት ፍሬ ተመርጦ ይገዛል። ትንሽ ነገር ናት፣ ግን ማታ ላይ ኮምፒውተር ተሸክሞ ቤት ገብቶ መሰኪያው አልገጥም ሲል ያናድዳል።

ትልቁ ግን መብራት ነው። እውነቱን ለመናገር ማሳደግ ይሻላል ወይስ መግዛት ከሚለው በፊት ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) አለሽ ወይ ብዬ ነው አክስቴን የጠየቅኳት። መብራት ሲሄድ ብቻ አይደለም ጉዳቱ፤ ሲመለስ ተንደርድሮ የሚመጣውም ነው። ኤስኤስዲም ቢሆን እየጻፈ ሳለ ድንገት ሲቋረጥ ፋይል ያበላሻል። ሱቋ ውስጥ ግን ኮምፒውተሩ፣ ፕሪንተሩና የስልክ ቻርጀሮቹ ሁሉ አንድ ዲቫይደር ላይ ተደራርበው ነበር። ዩፒኤስ ደግሞ አብሮ ከሚሄዱት ዕቃዎች ውስጥ ነው። ባትሪው በጥቂት ዓመት ይደክማል፣ እሱ ብቻ ይቀየራል፣ ሳጥኑ ይቀጥላል። ሌዘር ፕሪንተሩን ግን ዩፒኤሱ ላይ አትሰኩት። ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ትንሹን ዩፒኤስ ያንበረክከዋል።

በዚህ ምክንያት ትንንሾቹን ማሽኖች ወደድኳቸው። ዴል ማይክሮ ይላቸዋል፣ ሌኖቮ ታይኒ። መጽሐፍ ያክላሉ። የላፕቶፕ ዓይነት አዳፕተር ነው ያላቸው። ሥራ ፈተው ሲቀመጡ ከ20 ዋት በታች ነው የሚበሉት፤ ስለዚህ ያው ዩፒኤስ ትልቁን ሳጥን ከሚያቆየው ይልቅ እነሱን ለረዥም ጊዜ ያቆያል። መብራት ሄዶ ደንበኛው ፋይሉን እስኪልክ ለምትጠብቅ ሴት ይህ ብዙ ነው። ጉድለትም አላቸው። ውስጣቸው ጠባብ ነው፣ ከአንድ ሁለት ዲስክ በላይ አይገባም። ዴል ደግሞ አዳፕተሩን ይለያል፤ ኦሪጅናል ካልሆነ ሲነሳ ያስጠነቅቃል፣ ፕሮሰሰሩንም ሆን ብሎ ያዘገየዋል። «አዲሱ ማሽን ከአሮጌው ይብሳል» ብሎ የመጣ ሰው ላይ ይህን አይቻለሁ፤ ጥፋቱ ያዳፕተሩ ነበር።

በመጨረሻ የተገዛው ማይክሮ አልነበረም። አክስቴ «ይሄ በኪስ ተይዞ ይወጣል» አለች። ሱቋ መንገድ ዳር ነው፣ ትክክል ነች። አይ5 8500 ያለው፣ 16 ጊጋ ራም ውስጡ የተሰካ፣ መካከለኛ ሳጥን ተገዛ። ቪጂኤም ነበረው። ቀድሞ የገዛነው ኤስኤስዲ ተነቅሎ ሁለተኛ ዲስክ ሆኖ ገባበት። ውሎችዋ፣ ቅጾችዋ፣ ለቀበሌ የምትጽፋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ እንዳሉ አብረው ተሻገሩ። ዲዲአር3ቷ ራም ብቻ አሮጌው ውስጥ ቀረች፤ እሷን ከመጀመሪያው ትቀራለች ብለን ነው የገዛናት።

የአክስቴ ጭንቀት ግን ከፍጥነቱ ሌላ ነበር። ፓወር ግዕዝ ይገባል ወይ? ገባ። ድሮ በቪዥዋል ግዕዝ ፎንት የተጻፉት ፋይሎችስ? እነዚያ በዩኒኮድ (ሁሉም ማሽን በሚያውቀው የፊደል አሠራር) ስላልተጻፉ ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈቱ የምልክት ትርምስ ይሆናሉ። ስለዚህ አሮጌውን ከመንቀላችን በፊት የፎንት ፎልደሩን በፍላሽ ገልብጠን ነበር። የአማርኛ ሰነድ የያዘ ኮምፒውተር የምትቀይሩ ሁሉ ይህን አትርሱ። ለሃርድዌር ስንጨነቅ የዓመታት ጽሑፍ በአንድ ፎንት እጦት ሊነበብ የማይችል ይሆናል።

ሁሉም ሰው እንደ አክስቴ ይግዛ አልልም። ማሽኑ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ሆኖ ሃርድ ዲስክ ስለያዘ ብቻ የሚንቀራፈፍ ከሆነ መግዛት ብር ማቃጠል ነው፤ ኤስኤስዲ አስገቡና ዓመታት ተጠቀሙበት። በየዕቃው የተገጣጠመ ኮምፒውተር ያለው ሰውም ማሳደግ ያዋጣዋል፤ ሳጥኑና ፓወር ሰፕላዩ ለቀጣዩ ማዘርቦርድም ይሆናሉ። ልጁ ቤት ውስጥ ታይፕ እንዲለምድ ብቻ የሚፈልግ ደግሞ ሽማግሌውንም ቢሆን አይጣለው። የምትከፍሉት ለኢንተርኔት፣ ለሰው ፍላሽና ለገቢያችሁ የሚውል ማሽን ላይ ሲሆን ነው ስምንተኛው ትውልድ መስመር የሚሆነው።

አሮጌው 7010ን ቁራሌው ሊገዛ ጠይቆ ነበር። በመጨረሻ አሥረኛ ክፍል ለምትማር የአጎቴ ልጅ ተሰጠ፣ ሊኑክስ ሚንት ተጭኖበት። ከመሰጠቱ በፊት ግን ጥንቱ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ላይ ሌላ ሥራ ነበረብኝ። የፎቶ ኮፒ ቤት ዲስክ ላይ የስንት ሰው መታወቂያ፣ ፓስፖርት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የቤት ካርታ ስካን እንዳለ አስቡት። ዲሊት ማድረግ አያጠፋውም፤ ፈጣኑ ፎርማትም አያጠፋውም፣ ማንም ልጅ በነጻ ፕሮግራም ያወጣዋል። ዲስኩ ከዳር እስከ ዳር በላዩ ላይ መጻፍ አለበት። 500 ጊጋ በዚያ ዕድሜው ጥቂት ሰዓታት ይፈጃል። አክስቴ «ይሄ ብረት እስካሁን አላለቀም?» እያለች ሁለቴ መጣች። አላለቀም። መሃል ላይ መብራት ሄዶ እንደገና ጀምሬው ነበር፤ ዩፒኤሱ ሱቅ ነው ያለው።